የቤታችሁን ኢንተርኔት ለማካፈል «ቡስተር» ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ጅማ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ አደራ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ 12,100 ብር ከፍዬ ያወቅሁትን ነው የምነግራችሁ። ቡስተር የሚሉት ዋይፋዩን ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል እንደገና የሚለቀውን ሳጥን ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የትናንቱ ነገር ነው። ማታ ጎረቤቴ በአጥር በኩል ጠርታኝ «ያንቺን ቤት ኢንተርኔት የዘረጋው ልጅ እኔም ጋ ሊመጣ ነው፤ ነገ ቀብድ እሰጠዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ። የደረሰብኝን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዝም ማለቴ ጎረቤቴን ሊያስበላት እንደነበር ሲገባኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቤታችን ጊንጆ ነው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ግቢው መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰርቪስ አለ። የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባው ሳሎን ነው። የእኔ ላፕቶፕ እዚያው ሳሎን ነው የሚውለው። የልጄ ዴስክቶፕ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ነው። ወንድሜ ሰርቪስ ቤት ይኖራል፤ የሂሳብ ሥራ ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይሠራል። ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ጥሩ ነው። መኝታ ክፍል ሲደርስ ይደክማል። ሰርቪስ ቤት ጋ ጭራሽ የለም። አንዱን መስመር ለሦስታችን ማዳረስ ብቻ ነበር የፈለግነው።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ምንም አታስቢ። ይሄ ቡስተር ፍጥነቱን እጥፍ ያደርግልሻል። ይሄኛው ደግሞ ጊጋ ራውተር ነው፤ ስምንት ሰው በአንዴ ቢጠቀምበት አይወርድም» አለኝ። ራውተር ማለት አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተር የሚያካፍል ሳጥን ነው። ሁለት ቡስተር 4,400 ብር። ራውተሩ 3,500። 45 ሜትር ኬብል በሜትር 60 ብር፣ 2,700 መጣ። የሚዘረጋው ልጅ ከሱቁ ጋር የሚሠራ ነው፤ ለእሱ 1,500። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ተውኩት። ይህ ትልቁ ጥፋቴ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ግማሽ ቀን ሠርቶ ጨረሰ። ሊሄድ ሲል ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ሰርቪስ ቤት ሄዶም አሳየኝ፤ እዚያም ሙሉ። አመስግኜ፣ ቡና አፍልቼ ሸኘሁት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸው የዋይፋይ መስመሮች የሚናገሩት በስልኩና አጠገቡ ባለው ሳጥን መካከል ያለውን ሲግናል ብቻ ነው። ሳጥኑ ከኢንተርኔት ምን ያህል እንደሚያገኝ አይናገሩም። ቡስተሩ ሥር ቆማችሁ ካያችሁ ሁሌም ሙሉ ነው። ቡስተሩ የሚቀበለው ግን ጠብታ ሊሆን ይችላል። ልጁ ያሳየኝ ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ችግሩ ጀመረ። ወንድሜ ፋይል ሲልክ መሀል ላይ ይቋረጣል። የልጄ ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ገጽ ግን አይከፍትም። አንዳንዴ የአንዳችን ሲሠራ የሌላው ይጠፋል። ልጁን ደወልኩለት። መጣ፣ ራውተሩን አጠፋ፣ አበራ፣ የሆነ ነገር ነካካ፣ 300 ብር ተቀብሎ ሄደ። ከሳምንት በኋላ እንደገና 300 ብር። «የራውተሩን ፓስወርድ ስጠኝ፣ ራሳችን እንሞክር» ስለው «ከነካካችሁት ይበላሻል» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው ነገሩ የከበደኝ። የገዛሁት ዕቃ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ሊጠይቀን መጥቶ ነገርኩት። ምንም ሳይናገር ወጥ ቤት ገብቶ ቢላ አመጣ። ከተረፈው ኬብል አንድ ቁራጭ አነሳ፣ ልጡን ገፈፈ፣ ከውስጥ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን በቢላው ፋቅ ፋቅ አደረገ። «አክስቴ፣ ተመልከቺ» አለኝ። ላዩ የመዳብ ቀለም ነው። ውስጡ ነጭ ነው። አሉሚኒየም!

ይህ ኬብል በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ልጡ ላይ ግን «ካት 6» የሚል የኬብል ደረጃ ተጽፎበታል። የካት 5ኢም ሆነ የካት 6 ደረጃ ሽቦው ሙሉ መዳብ እንዲሆን ይጠይቃል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ከመዳብ ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ ሲጨምር ሲግናሉ ይደክማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካጠፋችሁት ይሰበራል። አየር ሲነካው ደግሞ ላዩ ላይ ዝገት መሰል ሽፋን ይሠራል፤ ጃኩ ጋ፣ ማለትም ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ ጋ፣ ያለው ንክኪ ይበላሻል። የእኛን ከተማ እርጥበትና ዝናብ ታውቁታላችሁ። አጭር ለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ለሚቀር ገመድ ሊሠራ ይችላል። በመዳብ ዋጋ ሸጦ ግቢ ማሻገር ግን ማታለል ነው።

ቀጥሎ የጃኮቹን ሽቦ አየ። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ ናቸው፤ አራት ጥንድ ማለት ነው። የተጠማዘዙት ያለምክንያት አይደለም። አንዱ ጥንድ የሌላውን ሲግናል እንዳይረብሽ ነው። በተለመደው አሠራር ጃኩ ላይ የሚደረደሩት ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ተብሎ ነው። አረንጓዴው ጥንድ 3ኛና 6ኛ ላይ ተለያይቶ ይቀመጣል፣ ሰማያዊው መሀል ይገባል። የእኛን ቤት የዘረጋው ልጅ ግን ጥንዶቹን በተርታ ነበር የደረደራቸው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርጎ። በዚህ ጊዜ 3ኛና 6ኛ ላይ ያሉት ሽቦዎች ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ይሆናሉ። በርካሹ መብራት የሚያበራ ቴስተር ብትፈትሹት ስምንቱም መብራት በተራ ይበራል። ደህና ይመስላል። መረጃ ሲያልፍበት ግን ይረበሻል። የወንድሜ ፋይል መሀል ላይ የሚቋረጠው በዚህ ነበር።

ሦስተኛው ችግር ከራውተሩ ነው። ከመስመሩ ጋር የመጣው የድሮው ሳጥን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ ያድላል። 192.168 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ማለት ነው። አዲሱ ራውተርም ያድላል። ልጁ ሁለቱን በተራ ፖርቶቻቸው (ኮምፒውተር በሚሰካባቸው የኬብል ቀዳዳዎች) አገናኝቶ ሁለቱም እንዲያድሉ ትቷቸዋል። በዚያ ላይ ሁለቱም የራሳቸውን አድራሻ 192.168.1.1 ብለው ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አንድ ቁጥር እንደመስጠት ነው። ኮምፒውተሩ መውጫውን ከየትኛው እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። የልጄ ኮምፒውተር «ተገናኝቻለሁ» እያለ ገጽ የማይከፍተው ለዚህ ነው። አድራሻ ጭራሽ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ 169.254 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ካያችሁ ኮምፒውተራችሁ ከራውተሩ አድራሻ አልደረሰውም ማለት ነው።

አሁን በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። ከመስመሩ ጋር የመጣው ሳጥን ጀርባው ላይ አራት የኬብል ፖርት ነበረው። አራት! ለሦስት ኮምፒውተር ይበቃል። ኢንተርኔት ማካፈል የእሱ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው የተሠራው። እኔ የሚያስፈልገኝ ጥሩ ኬብልና በትክክል የገቡ ጃኮች ብቻ ነበሩ። ሻጩ ግን ቤቴ ምን እንዳለ አንዴም አልጠየቀኝም።

«ፍጥነቱን እጥፍ ያደርጋል» የሚለውም ውሸት ነው። እኛ የምንከፍለው ለ10 ሜጋቢት ነው። 10 ሜጋቢት ማለት በሴኮንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ። 750 ሜጋባይት ትምህርት አንድ ሰው ብቻውን ቢያወርድ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት ሰው በአንዴ ቢያወርድና እኩል ቢካፈሉ ግማሽ ሰዓት። ከመስመሩ የማይመጣውን ፍጥነት የሚጨምር ሳጥን የለም። ቡስተር የሚያደርገው ዋይፋዩን ተቀብሎ እንደገና መልቀቅ ነው። በአንድ ሬዲዮ የሚቀበልና የሚልክ ከሆነ ጊዜውን ለሁለቱ ስለሚያካፍል ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። «ጊጋ» (1,000 ሜጋቢት) የሚለውም ለእኔ ትርጉም አልነበረውም። ተራው ባለ 100 ሜጋቢት ፖርት የእኛን መስመር አሥር እጥፍ ይችላል።

የእህቴ ልጅ እንዲህ አስተካከለው። 40 ሜትር ሙሉ መዳብ ኬብል ገዛን፤ ሱቁ ውስጥ ፍቀን አይተን። ለዚህ ዓይነት ኬብል ገደቡ 100 ሜትር ስለሆነ ለግቢያችን ከበቂ በላይ ነው። የልጄን ኮምፒውተር በቀጥታ ከድሮው ሳጥን ጋር አገናኘው። አዲሱን ራውተር ደግሞ ሰርቪስ ቤት ወሰደው። አድራሻ ማደሉን አጠፋበት፣ የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀየረው፣ ከሳሎን የሄደውን ኬብል ተራ ፖርቱ ላይ ሰካው። በቃ፣ ወንድሜ ኬብልም ዋይፋይም አለው። ቡስተሮቹ ካርቶናቸው ውስጥ ገብተዋል።

የተቆለፈብንን ፓስወርድ ለማጥፋት ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ያዘ። ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ተመለሰ። ይህን ግን ከመስመር ጋር በመጣው ሳጥን ላይ እንዳትሞክሩ። የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ እሱ ውስጥ ካለ ይጠፋባችኋል። መጀመሪያ ጻፉት።

ደግሞ ለጊዜው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ማገናኘት የምትፈልጉ ምንም አትግዙ። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ ራሱ ሞባይል ሆትስፖት የሚል አለው፤ እስከ 8 ዕቃ ያገናኛል። ኢንተርኔትን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማካፈል ዊንዶውስ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ችግሩ ዋናው ላፕቶፕ ሲጠፋ የሌሎቹም ይጠፋል።

ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ ኬብል የምትዘረጉ ደግሞ መብረቅን አስቡ። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር እኛ ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ እንነቅላለን። ቅርብ የወደቀ መብረቅ በሽቦው መጥቶ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

ሠራተኛ የምታስገቡ ከሆነ ሙሉ ገንዘቡን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ዋናው ሳጥን ጋ በኬብል ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ በአዲሱ ኬብል ጫፍ ላይ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ሥራው ተሠርቷል። ካልተቀራረቡ አልተሠራም። ስልኩን አውጥቶ «ዋይፋዩ ሙሉ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ። የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ ሳይሰጣችሁ ከግቢ አይውጣ።

ደረሰኙን ላንሳው ብዬ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። እኔ ሱቁ ስመለስ ሻጩ «ከእኛ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። የያዝኩት ኬብል ብቻ ነበር። እሱ የማንም ሱቅ ኬብል ሊሆን ይችላል። ቀኑም አልፎ ነበር። በደረሰኝ ብገዛና በሁለተኛው ቀን ብሄድ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ቤት ሄጄ የተፋቀውን ቁራጭ አሳየኋት። ከሳሎኗ እስከ ልጇ ክፍል በሲባጎ ለካን፤ 18 ሜትር ነው። የእሷም ሳጥን ጀርባ አራት ፖርት አለው፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ቀብዱን አልሰጠችም። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሲመጣ አብረን ወጥተን ኬብሉን እንገዛለን።