የልጄ ቀይ ምልክትና ያየንበት የቆዳ ክሊኒክ

ልጄ ስትወለድ ዐይኗ አጠገብ የደበዘዘች ነጥብ ነበረች። ማርያም ስማት ነው ብለን ተውነው። በ3ኛው ሳምንት ግን እንደ እንጆሪ ቀልታ አበጠች። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሁለት ደቂቃ አይተው "ይጠፋል" ብለው ሸኙን፤ በጣም ነው ያናደደኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ሌላ ነው። ሐኪሟ ዳሰሰችው፣ ለካችው፣ ፎቶ አነሳችው፣ ከዛ ሄማንጂዮማ የሚባል የደም ሥር እብጠት መሆኑን፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ገደማ ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ አብዛኛው በራሱ ቢከስምም ዐይን አጠገብ ያለው ግን እይታ ሊጎዳ ስለሚችል ዝም ብሎ መጠበቅ እንደማያዋጣ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ወይን ጠጅ መልክ ካለው ጠፍጣፋ ምልክት ጋርም አታምታቱት አለችን፤ ያኛው በራሱ አይጠፋም፣ በሌዘር ነው የሚደበዝዘው። ፕሮፕራኖሎል የሚባል ሽሮፕ ታዘዘ። የልብ መድኃኒት እኮ ነው! ለዚህ እንደሚሠራ በአጋጣሚ ተገኝቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ የሆነው። መጀመሪያ የልብ ምቷን አዩ። ስኳሯ እንዳይወርድ ሳትጠባ እንዳትሰጧት፣ ካስታወከች ወይም አልጠባም ካለች ዝለሉት ብለው ደጋግመው ነገሩን። ወረፋው ግን ያሰለቻል፣ ስልክም አያነሱም። አሁን 8 ወሯ ነው። እብጠቱ ሟሽሾ ግራጫ ሆኗል፣ ለክትትል አሁንም እዚያው ነን።