ልጄን ቀና ብሎ ኳስ መግፋት ላስተማረልኝ የቱሉ ዲምቱ ኮች

ሰላም ጎረቤቶቼ። ይሄን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እና ገላን አካባቢ ለምትኖሩ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚሆን ኳስ የሚወድ ልጅ ላላችሁ ነው። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ባለው ሜዳ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ልጆች የሚያሰለጥን አንድ ወጣት አለ። ልጆቹ ኮች ይሉታል፣ እኔም ኮች ነው የምለው። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ መለጠፍ አልፈልግም። የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ኳስ ካገኘ ምግብም አያስታውስም። ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚጫወተው። ኳሷን ብቻ እያየ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ከዚያ ወይ ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ይጋጫል፣ ወይ ሜዳው አልቆበት ልብስ ማስጫው ገመድ ስር ይገኛል። አንድ ቀን ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ከንፈሩ ደምቶ ቤት ገባ።

እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ እጮሃለሁ። «ቀና በል! ቀና በል እንጂ!» እኛ ኳስን ያወቅነው በጩኸት ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ተመልሰው አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ የጮህኩት ጩኸት ለሦስት ቀን ድምፄን ዘግቶት ነበር። ልጄም ላይ ያንኑ ጉሮሮ ነበር የማወጣው። ልጁ ስጮህ አንዴ ቀና ይላል፣ ወዲያው ተመልሶ ይደፋል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በኋላ ኮች ነው ያስረዳኝ። «ጋሼ፣ ሲጮሁበት ቀና ብሎ የሚያየው ሜዳውን አይደለም፣ እርሶን ነው። ተቆጥተው እንደሆነ ፊትዎን ያያል» አለኝ። አንጀቴ ተላወሰ።

ከእሱ በፊት ሌላ ቦታ አስመዝግቤው ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ማንሳት አያስፈልግም። 30 የሚሆን ልጅ፣ 2 ኳስ። ሰልፍ ይዞ ተራ መጠበቅ፣ ተራ ሲደርስ አንዴ መምታት፣ ተመልሶ ሰልፍ። አንድ ቅዳሜ ልጄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ ቆጠርኩ። 11 ጊዜ። እዚያም «ቀና በሉ» ይባላል፣ ግን በ11 ንክኪ ማን ቀና ይላል?

ኮች ጋ የሄድን ቀን መጀመሪያ ያየው ልጁን ሳይሆን ኳሷን ነው። ሲያድግም ይጫወትባታል ብዬ 5 ቁጥር ነበር የገዛሁለት። «ይቺ ለእርሶ ናት» አለኝ ፈገግ ብሎ። 5 ቁጥር የአዋቂ ኳስ ነች፣ ዙሪያዋ 70 ሴንቲሜትር ድረስ ነው፣ ክብደቷም ከ410 እስከ 450 ግራም። የ7 ዓመት ልጅ እግር ላይ ሸክም ነው። ለዚህ ዕድሜ 3 ቁጥር ነው፣ 8 ዓመት ሲሞላው 4 ቁጥር፣ 5 ቁጥር ከ13 ዓመት በኋላ። ቁጥሩ ኳሷ ላይ ተጽፏል፣ ስትገዙ እዩት። ከራሱ ከረጢት 3 ቁጥር አወጣና በመርፌ ትንሽ አየር አስወጣላት። መሬታችን ደረቅና ጠጠራም ነው፣ ጥርት ብላ የተነፋች ኳስ በየጠጠሩ ትነጥራለች። ኳሷ በነጠረች ቁጥር ልጁ ዓይኑን ወደ ታች ይመልሳል።

ስለ ጠጠር ካነሳሁ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ልምምድ የሚጀመረው በጠጠር ለቀማ ነው። ሁሉም ልጅ ለ5 ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ዳር ይቆልላል። መጀመሪያ ቀን ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ልጅ መሬቱን ካላመነ ቀና አይልም።

ለሦስት ሳምንት «ቀና በል» የምትል ቃል ከኮች አፍ አልወጣችም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ። 10 እርምጃ በ10 እርምጃ የሆነ ቦታ በፕላስቲክ ኮን አጥሮ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ይለቃቸዋል። በእግር ውስጠኛ ጎን፣ በውጭው ጎን፣ በጫማው ሶል ወደ ኋላ መጎተት፣ ማቆም፣ መዞር። በቃ። ትዕግስቴ አልቆ ጠየቅኩት፣ «ወንድሜ፣ ቀና ማለቱን መቼ ነው የምትጀምሩት?» «እግሩ ኳሷን ሳያምናት ዓይኑ አይለቃትም» አለኝ። ቤት ገብቼ ባለቤቴን እንጀራ ስትጋግር አየኋት። ወደ እኔ ዞራ እያወራችኝ ሊጡን ምጣዱ ላይ ታዞራለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ እጇ ስራውን ያውቀዋል። መጀመሪያ ስትለምድ ግን ዓይኗን ከምጣዱ ነቅላ እንደማታውቅ ራሷ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሦስቱ ሳምንት አላማረርኩም።

በአራተኛው ሳምንት የጣት ጨዋታ ተጀመረ። ልጆቹ በአጥሩ ውስጥ ኳስ ይገፋሉ፣ ኮች መሃላቸው ይዞራል፣ እጁን ከፍ አድርጎ ጣት ያሳያል። ያየ ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ኮች ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ፊሽካ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ዛሬ ከፊታቸው ይቆማል፣ ቀጥሎ ከጀርባቸው፣ አንዳንዴ ተንበርክኮ ጣቱን ጉልበቱ አጠገብ ይደብቃል። ለምን ዝም እንደሚል ሲያስረዳኝ፣ ድምፅ ካሰማ ጆሮ ይሰራል እንጂ ዓይን አይሰራም አለ። ተጫዋች ሜዳ ላይ የሚፈልገው ነገር አይጠራውም፣ ራሱ ፈልጎ ነው የሚያገኘው።

ልጄ የመጀመሪያ ቀን በግምት «ሦስት!» አለ። ሁለት ነበር። «አራት!» አለ። የኮች እጅ ወርዷል። ከፎቁ በታች የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ልጅ፣ እሷም 7 ዓመቷ፣ አንድም አላመለጣትም። ኮች ልጄን ጠራውና ጎን ለጎን አቁሞ እግሯን ሳይሆን አገጯን እንዲያይ አደረገው። እኔም አየሁ። ኳሷን በትንሹ ትነካለች። ኳሷ ከእግሯ እንደወጣች አገጯ ይነሳል። ለሚቀጥለው ንክኪ ኳሷ ልትደርስ ስትል ይወርዳል። ነካ፣ ቀና። ነካ፣ ቀና። እኔ ዕድሜ ልኬን ቀና በል ማለት ሁልጊዜ ቀና እንዳልክ ሩጥ ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጊዜ አለው። ኳሷ ከእግር ከወጣች በኋላ ብታፈጥባትም የምትሄድበትን አትቀይራትም፣ ያቺ ቅጽበት ነፃ ነች፣ በእሷ ሜዳውን ማየት ነው። ኳሷን ርቃ እንድትሄድ አድርጎ የሚመታ ልጅ ደግሞ ሊያሳድዳት ይሮጣል፣ ያቺን ቅጽበት አያገኛትም። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ትንንሽ ንክኪ ሲያስለምዳቸው የከረመው።

አንድ ነገር ቤታችሁ ሞክሩ። ቀጥ ብላችሁ ግድግዳ እያያችሁ አንድ ጣት ከአገጫችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘርጉና አንቀሳቅሱ። ሳታዩት ይታያችኋል። ኮች ይሄን ለልጆቹ በጣታቸው ካሳያቸው በኋላ «ኳሷም እንደዚሁ ትታያችኋለች» አላቸው። ልጄ ለሳምንት ያህል እራት ላይ ሁላችንንም ጣት ሲያዘረጋን ሰነበተ።

ልጆቹ በጣም የሚወዱት ግን የሰላምታ ጨዋታን ነው። ሁሉም ኳስ እየገፋ ይዞራል፣ ከአንድ ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ስትገጣጠም «ሰላም ነው?» ብለህ፣ ስሙን ጠርተህ፣ ኳስ ትለዋወጣለህ። ዓይን ሳይተያዩ ኳስ መስጠት የለም። ዓይናፋር የነበሩት ልጆች እንኳን እዚያ ውስጥ ይጮሃሉ። የተደፋ ልጅ ማንም ሰላም አይለውም፣ ብቻውን ይዞራል፣ ሁለት ዙር ሳይሞላ ራሱ ቀና ይላል። ማንም አላዘዘውም።

ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ጌር ዮርዴት የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ ይሄንኑ ነገር ለዓመታት ሲያጠና እንደኖረ አገኘሁ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን በቪዲዮ እያየ፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙት ፓሳቸው የበለጠ እንደሚሳካ ያሳየ ሰው ነው። ለኮች ስነግረው ያውቀዋል። «ግን ጋሼ፣ እነሱ ያለ ኳስም ነው የሚያዩት። የእኛዎቹ መጀመሪያ ከኳስ ጋር ይልመዱ» ብሎ ወደ ልጆቹ ሮጠ።

ሌላ የማመሰግንበት ነገር፣ ወላጅ አያስጮህም። ከተለቀመው ጠጠር መስመር ሰርቷል፣ ወላጅ ከዚያ ወዲህ አያልፍም፣ ማጨብጨብ እንጂ ማዘዝ የለም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። አብዶም አይከለክልም። ልጅ ሁለት ሰው አታሎ ካለፈ በኋላ «ከዚያ ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ «ለምን አላቀበልክም» ብሎ አያሸማቅቀውም። ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ሲመጣ እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው፣ ዛሬ ምን አየህ?

ባለፈው እሁድ ከሌላ ብሎክ ልጆች ጋር ተጫወቱ፣ አምስት ለአምስት። ልጄ ኳሷን በቀኝ በኩል ይዞ ወጣ። ሁለት ልጅ መጣበት። ድሮ ቢሆን ጭንቅላቱን ደፍቶ መሃላቸው ይገባ ነበር። ኳሷን በውጭው ጎን ነካ አደረጋት፣ አገጩ ተነሳ፣ ግራ በኩል ብቻዋን የቆመችውን የጎረቤታችንን ልጅ አያት፣ ሰጣት። መታች፣ በረኛው ያዘው። ጎል አልሆነም። እኔ ከጠጠሩ መስመር ጀርባ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜ ነበር። ልጄ ወደ እኔ አልዞረም። ወደ ኋላ እየሮጠ ትከሻውን አልፎ ሜዳውን ያይ ነበር።

ኮች፣ ይሄን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጉልበትህን አይንሳህ።

ማወቅ ያለባችሁን ልጨምር። ብቻውን ስለሆነ ከ16 ልጅ በላይ አይቀበልም፣ አሁን ሁለት ቦታ ክፍት እንዳለው ነግሮኛል፣ ሁለተኛ ቡድን የሚከፍተው በቂ ልጅ ከመጣ ነው። ሜዳው ጥላ የለውም፣ ኮፍያና ውሃ አስይዟቸው። ክረምት ላይ ጥቁር አፈሩ ጫማ ስለሚውጥ ኮሚናሉ ስር ሲሚንቶው ላይ ነው የሚሰሩት፣ ለዚያ ታኬታ ሳይሆን ተራ ስኒከር ይሻላል። ሴት ልጆች አሉ፣ አሁን አምስት ናቸው። ክፍያው በወር ነው፣ ሁለት ልጅ ለሚያመጣ ይቀንሳል፣ አቅም ያነሰው ወላጅም ቀርቦ ያናግረው፣ ሰው አይመልስም። ልምምዱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይጀመራል። ጠጠር ለቀማው ግን 1 ሰዓት ከ20 ላይ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ወላጅም ይለቅማል።