የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲመዘን፦ ወጣት ይስባል፣ ግን ያቆያል ወይ?

በአገራችን የገጠር ወጣት ሴቶችን ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት በመሳብ ከጤና ኤክስቴንሽን የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የቀበሌው ነዋሪ የሆነች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ልጅ ትመለመል ነበር። አንድ ዓመት ትሠለጥን ነበር፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በጤና ኬላ ይመደቡ ነበር። ከእናት ከአባቷ ሳትርቅ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን ለገጠር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በምልመላው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከተቀጠረች በኋላ ነው። ሁለት ሠራተኛ የተባለው አንድ ቀበሌ 5 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖረዋል ተብሎ ነው። አንዷ ስትወልድ ወይም ለሥልጠና ስትጠራ ግን ኬላው በሌላዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ፓኬጁም፣ ማለትም የሚሰጡት የጤና አገልግሎት ዓይነት፣ ከ16 ወደ 18 አድጓል፤ ስብሰባው፣ ዘመቻውና ሪፖርቱ ሳይቆጠር።

የክትባት ቀንን ብቻ እንይ። ኬላው ማቀዝቀዣ ከሌለው በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክትባቱን በበረዶ መያዣ ታመጣለች፤ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ አለበት። የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። እናቶች ቀኑን ቀድመው ካልሰሙ ብልቃጡ ለሁለት ሦስት ሕፃን ይከፈትና የቀረው ይባክናል። በግምገማ ላይ የምትጠየቀው ስለ ብክነቱ ነው፤ የሄደችው መንገድ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። እንዲህ ያለው ነገር ነው ሰው የሚያስመርረው።

የሚመሰገነው የቤተሰብ ፎልደሩ ነው። የእያንዳንዱ ቤት መረጃ በአንድ ማኅደር ይቀመጣል፤ የእናትና የሕፃን ካርድ ደግሞ በወራት በተከፈለ ሣጥን ውስጥ በቀጠሮው ወር ክፍል ይገባል። ወሩ ሲጠባ ያንን ክፍል አውጥታ ማን ቤት እንደምትሄድ ታያለች። በደንብ ከተያዘ አዲስ ተመዳቢም ከዜሮ አትጀምርም።

ትልቁ ድክመት ዝውውርና እድገት ነው። የሳባት የቀበሌዋ ልጅ መሆኗ መልሶ ያስራታል፦ አግብታ ሌላ ወረዳ መሄድ ስትፈልግ «የተቀጠርሽው ለዚህ ቀበሌ ነው» ከተባለች ምርጫዋ መልቀቅ ይሆናል። የሙያ ደረጃዋን ከፍ የሚያደርገውን ደረጃ 4 ተምራ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ብታልፍም ወረዳው በጀት ካልያዘ ደመወዟ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዝውውር ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚፈቀድ በቅጥሩ ዕለት በጽሑፍ ይስጥ፤ የደረጃ 4 ደመወዝ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት በጀት ላይ ይያዝ። አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ኬላ ይደግፋል፤ ከጤና ጣቢያው የሚላከው ደጋፊም መዝገብ ፈርሞ ከሚመለስ ቤት ለቤት አብሯት ቢውል ይሻላል።

ለመመዝገብ የምታስቢ እህት፣ ከመፈረምሽ በፊት ሦስቱን ጠይቂ፦ ኬላው አጠገብ መኖሪያ አለ? ጓደኛሽ ስትወልድ ማን ይተካታል? ካለፈው ዓመት የደረጃ 4 ተመራቂዎች ስንቱ ደመወዛቸው ተስተካክሏል?