የኮንሰርት ወቅት ትኬት ስትገዙ፦ ቀደምት ሙዚቃ፣ ኳርቴት ወይስ ሙሉ ኦርኬስትራ?

የአንድ አዳራሽ የዓመት ፕሮግራም ሲወጣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚፈልገው ስም ነው። ባኽ አለ? ቤትሆቨንስ? ሞዛርት መቼ ነው? እኔም ለዓመታት ትኬት የገዛሁት ስም እያየሁ ነበር። አሁን ግን ከስሙ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። መድረኩ ላይ ስንት ሰው ይወጣል? እኔስ ከነሱ ምን ያህል እርቃለሁ? ከፍሎ መቆጨትም ሆነ ረክቶ መውጣት በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ሉት ነው። ሉት በጣት የሚመታ፣ ሆዱ ክብ የሆነ የድሮ ባለክር መሣሪያ ነው። አንድ ጊዜ የምወደው የሉት ተጫዋች ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወት ነው ተባለ። ርካሹን ትኬት፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያዝኩ። የሰውየው እጅ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ። አጠገቤ ሰው ባሳለ ቁጥር ሁለት ሦስት ኖታ ይጠፋል። ሙዚቀኛው ምንም አላጠፋም። ወንበሩ ነው ለዚያ ሙዚቃ ያልሆነው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲምፎኒ ብሰማ ኖሮ ደስ ብሎኝ በወጣሁ ነበር።

ቀደምት ሙዚቃ እና ሙሉ ኦርኬስትራ

«ቀደምት ሙዚቃ» ሲባል ባብዛኛው ከአውሮፓ መካከለኛው ዘመን አንስቶ እስከ እ.ኤ.አ. 1750 ገደማ የተጻፈው ነው። ሞንቴቨርዲ፣ ቪቫልዲ፣ ሄንደል እና ባኽ እዚህ ይገባሉ። ብዙ ቡድኖች በዘመኑ መሣሪያ ወይም በቅጂው ይጫወታሉ። የቫዮሊኑ ክር ከበግ አንጀት የተሠራ ነው። ድምፁ ከብረት ክር ይለሰልሳል፣ ይቀጥናልም። ቅኝቱም ይለያል። ዛሬ ኦርኬስትራ የሚቃኝበት «ላ» የሚባለው ኖታ በተለምዶ 440 ኸርዝ ነው፤ የባሮክ ቡድኖች፣ ማለትም የቀደምት ሙዚቃን የመጨረሻ ዘመን ሥራ የሚጫወቱት፣ ብዙ ጊዜ ወደ 415 ያወርዱታል። ይህ ግማሽ ቶን ያህል ነው። ጆሮ በቁጥር አይለየው ይሆናል፤ ሙዚቃው ግን ረገብ ያለ መሆኑ ይሰማል።

ሃርፕሲኮርድን ለብቻው ላንሳው። ፒያኖ ይመስላል እንጂ ፒያኖ አይደለም። ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል። ሃርፕሲኮርድ ግን ክሩን እንደ ክራር ቆንጥሮ ይለቃል። ቁልፉን በኃይል ብትጫኑትም ድምፁ እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ሁለት ሺህ ወንበር ባለው አዳራሽ የሃርፕሲኮርድ ብቸኛ ኮንሰርት ካያችሁ ከፊተኛው ሦስተኛ ክፍል ወዲያ አትግዙ። ቦታው ካለቀ ገንዘባችሁን ለሌላ ምሽት አቆዩት።

ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሌላ ዓለም ነው። የባሮክ ቡድን ከ10 እስከ 25 ሰው ሲሆን፣ ትልቅ ኦርኬስትራ 80 እና 100 ይደርሳል። እዚህ ርቀት ጠላት አይደለም። ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ ይዋሃዳል፤ ፎቅ ላይ ያለው ርካሽ ወንበር ብዙ ጊዜ ከመሬቱ የመጀመሪያ ረድፍ ይሻላል። መድረኩ ሥር ከተቀመጣችሁ ቫዮሊኖቹ ይጮሁባችኋል፣ ከኋላ ያሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ደግሞ ከራሳችሁ በላይ ያልፋሉ።

አንዳንድ አዳራሾች ከኦርኬስትራው ጀርባም ወንበር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የበርሊን ፊልሃርሞኒ አዳራሽ መድረኩን ከሁሉም አቅጣጫ በሰው የከበበ ነው። ከጀርባ ስትቀመጡ የመሪውን ፊት ታያላችሁ፤ እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ግን ብቸኛ ድምፃዊ ያለበት ምሽት ከሆነ አትግዙት። የሰው ድምፅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ሆርኖች የሚባሉት የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ደግሞ አፋቸው ወደ ኋላ ስለሆነ በቀጥታ ወደ እናንተ ይነፋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀደምት ሙዚቃ ምሽት ላይ በየመሃሉ ክር ሲቃኙ ታያላችሁ። የአንጀት ክር ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ይለውጠዋል። የመድረክ መብራቱ ብቻ ይበቃዋል። ዝግጅት ጎድሏቸው እንዳይመስላችሁ።

ኳርቴት

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። መሪ የለም። አራቱ በዓይንና በትንፋሽ ነው የሚግባቡት፤ ይህን ለማየት ደግሞ መቅረብ ያስፈልጋል። ለንደን ያለው ዊግሞር ሆል እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ስሙ የሚነሳው ወንበሩ ወደ 550 ብቻ ስለሆነም ጭምር ነው። ፕሮግራሙ ላይ ትልቁና ትንሹ አዳራሽ ተለይተው ከተጻፉ ትንሹን ምረጡ።

ለጀማሪ ሃይድን ወይም ድቮርዣክ ይሻላል። ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1893 የጻፈው «አሜሪካዊው» የሚባለው ኳርቴት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ዜማውም ቶሎ ይያዛል። የቤትሆቨን የመጨረሻ ኳርቴቶች ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ከነሱ አንዱ፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 131፣ ሰባት ክፍል አለው፤ 40 ደቂቃ ያህል ያለ አንዳች ዕረፍት ይጫወቱታል። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ግን ለማንም አልመርጠውም።

መዘምራን ያሉባቸው ትልልቅ ሥራዎች

የሄንደል «መሲህ» እና የባኽ «የማቴዎስ ሕማማት» በአንድ ወቅት ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ በመሲህ ጀምሩ። ሄንደል እ.ኤ.አ. በ1741 በ24 ቀን ጻፈው፤ በ1742 ደብሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል፣ ክፍሎቹም አጫጭር ናቸው። የማቴዎስ ሕማማት ሁለት መዘምራንና ሁለት ኦርኬስትራ ይፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩልም ያልፋል። ትርጉሙን በእጃችሁ ካልያዛችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። ግጥሙን ቀድማችሁ አንብቡት፤ ያኔ ዋጋው ይገባችኋል።

መሲህን ማን እንደሚያቀርበውም እዩ። በ20 ዘማሪ የሚያቀርበው ቡድንና በ150 ዘማሪ የሚያቀርበው አንድ ዓይነት ምሽት አይሰጡም። ትልቁ መንገድም የራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1784 ዌስትሚንስተር አቤይ ውስጥ ለሄንደል መታሰቢያ ከ500 በላይ ሰው ተሳትፏል። እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። የድምፅ ማዕበል የሚወድ ሰው ግን በትልቁ አይቆጭም።

የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ለመዘምራኑ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ይህን እወቁ። ሥራው 70 ደቂቃ ያህል ነው፤ ዘማሪዎቹ የሚገቡት በመጨረሻው፣ ማለትም በአራተኛው ክፍል ብቻ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት።

የሙሉ ወቅት ትኬት ወይስ ነጠላ?

የሙሉ ወቅት ትኬት ቅናሽ አለው፤ ወንበራችሁም ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ለኦርኬስትራ የሚመች ወንበር ለሉት አይመችም። አዳራሹ ሁሉንም ነገር በአንድ መድረክ የሚያቀርብ ከሆነ ቋሚ ወንበር አልመክርም። ኦርኬስትራ ብቻ ለሚሰማ ሰው ግን ጥሩ ግዢ ነው።

ብዙ ቦታ ሦስት ወይም አምስት ኮንሰርት ራሳችሁ መርጣችሁ የምትገዙት ጥቅል አለ። ቅናሹ ያንሳል፤ ለየምሽቱ የተለየ ወንበር መያዝ ግን ይቻላል። ለመጀመሪያ ዓመት ይህ ይሻላል፦ አንድ የባሮክ ቡድን ከፊት፣ አንድ ኳርቴት በትንሹ አዳራሽ፣ አንድ ሲምፎኒ ከፎቅ። ተማሪ ወይም ወጣት ከሆናችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የተማሪ ዋጋ መኖሩን ጠይቁ። ብዙ አዳራሾች አላቸው፤ ሁልጊዜ ግን ፊት ለፊት አይጽፉትም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ መቀየር ይቻላል ወይ? ብቸኛው ተጫዋች ቢታመምና ሌላ ቢተካ አብዛኛው አዳራሽ ገንዘብ አይመልስም። ሁለተኛ፣ ሥራው ሙሉ ነው ወይስ የተቀነጨበ? የቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» አራት ኮንሰርቶ (ብቸኛ ተጫዋች ከቡድን ጋር የሚጫወተው ሥራ) ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁሉም አንድ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ነው። «ከአራቱ ወቅቶች የተመረጡ» ተብሎ ከተጻፈ ሙሉውን አትሰሙም። ዋጋው ግን የሙሉውን ያህል ሊሆን ይችላል።

ለአንድ ምሽት ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካለኝ፣ ትንሹ አዳራሽ ውስጥ ሃርፕሲኮርድና ቪዮላ ዳ ጋምባ (በእግር መሃል ተይዞ በቀስት የሚጫወቱት የድሮ ባለክር መሣሪያ) ያሉበትን ነው የምገዛው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ረድፍ፣ ትንሽ ወደ ጎን። እዚያ ሲቀመጡ ከድምፁ ጋር ሌላም ነገር ይሰማል፤ ቀስቱ ክሩን ሲይዝ የሚያሰማው ጭረት፣ ቁልፉ ሲመለስ የሚያሰማት ትንሽ ቀጭታ።