ፓይፐር አፓቼ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከያዝሁት በኋላ

ፓይፐር አፓቼ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበ የፓይፐር ኩባንያ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። የእኔው በ1950ዎቹ መጨረሻ ፔንስልቬንያ፣ ሎክ ሄቨን ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 160 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት የላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተሮች አሉት። ቨርጂኒያ ካለ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሣሁ ከአንድ ዓመት በላይ አብርሬዋለሁ። መግዛት የሚያስቡ ወዳጆች ዋጋው ለምን እንዲህ እንደወረደ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ሞተር የሚጠይቀውን ገንዘብና ልምምድ ለመሸከም የሚደፍር ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልናገር። በየ12 ወሩ በሕግ ግዴታ የሆነው ምርመራ ሲደርስ መካኒኩ 8 ሲሊንደር፣ 4 ማግኔቶ (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) እና 16 ካንዴላ ይፈትሻል። በሰዓት 160 ማይል ገደማ ስበር ሁለቱ ሞተሮች በድምሩ በሰዓት ከ16 እስከ 18 ጋሎን ቤንዚን ይጠጣሉ። ኢንሹራንሱም አብራሪው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ባለው የበረራ ሰዓት ልክ ይከብዳል ወይም ይቀላል። በግዢ ጊዜ ግን ከሁሉም በላይ መመርመር ያለበት የጥገና መዝገቡ ነው። ላይኮሚንግ ለዚህ ሞተር ሙሉ እድሳት የሚመክረው በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው ነው፤ «ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ» የሚባል ሞተር ለዓመታት ሳይነሣ ቆሞ ከሆነ፣ ካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ በኩል ስለሚገኝ ዘይቱ ወርዶ ሊዝግ ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚበር አሮጌ ሞተር ሃንጋር ውስጥ ከተኛ አዲስ ሞተር ይሻለኛል።

አፓቼን የሚገዛ ሰው በደንብ ሊያውቀው የሚገባው የሃይድሮሊክ አሠራሩን ነው። የማረፊያ ጎማዎቹም ፍላፖቹም (በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚወርዱት ክፍሎች) በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት ይሠራሉ፤ ፓምፑ ግን ያለው በግራው ሞተር ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ፕሮፔለሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ፣ አውሮፕላኑን ለመቆጣጠር ይበልጥ የሚያስቸግረውም የግራው ሞተር መጥፋት ነው። ያ ሞተር ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ሲቆም ፓምፑም አብሮ ይቆማልና፣ አብራሪው በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ በሌላው የእጅ ፓምፑን እጀታ ስቦ ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይገፋል፣ ይስባል። ይህን መጀመሪያ አውሮፕላኑ በክሪክ ላይ ተነሥቶ ሳለ፣ ከዚያም ከአስተማሪ ጋር ከፍታ ላይ ሆኜ ተለማምጄዋለሁ። ጎማው ሲወርድ እጀታው እየከበደ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የጎማው መቆጣጠሪያ በራሱ ወደ መሃል ይመለስና ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። እጁን ያላለማመደ ሰው በዚህ ሁሉ መሃል ፍጥነቱን ይዘነጋል። በአንድ ሞተር የተሻለ ከፍታ የሚሰጠው ፍጥነት በሰዓት 95 ማይል ሲሆን፣ ከ85 በታች ከተወረደ ደግሞ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ለዚህም ነው በየጥቂት ወሩ ከአስተማሪ ጋር የምበረው።

ሙሉ ጭነት ይዞ በቨርጂኒያ የሐምሌ ሙቀት በአንድ ሞተር የሚያገኘው ከፍታ እጅግ ጥቂት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከቦሌ ሙሉ ጭነት ይዞ ተነሥቶ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት ጨርሶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ እኔ አራቱን ወንበር ሞልቼ፣ ቤንዚኑንም ሞልቼ አልነሣም።

የምወድለት ነገር ብዙ ነው። ወፍራሙ ክንፉ የታዋቂው ትንሽ አውሮፕላን የፓይፐር ከብ ክንፍ ዘር በመሆኑ በዝግታ ሲበር አይደናገጥም፣ በአጭር ሜዳም ያርፋል። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼም እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። አሁን የቀረኝ ትልቅ ሥራ በክንፎቹ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ የነዳጅ ከረጢቶች መቀየር ነው፤ ከዕድሜ ብዛት እየደረቁ ስለሚሰነጠቁ፣ አፓቼ ለመግዛት የምትደራደሩ ሁሉ መቼ እንደተቀየሩ ጠይቁ፤ መዝገቡ ላይ ከሌለም ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።