ታች ላይ የሚንተፋተፍ ባለሦስት እግር፦ የስምንት ወር ልምዴ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ስለሆነ፣ ሚዛናዊ ፍርድ የሚጠብቅ አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል። የጭነት አልጋ ያለውን፣ ባለ200 ሲሲ፣ ባለአንድ ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ ባለሦስት እግር ሞተሬን አዲስ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ቆጣሪውም ከ9,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ አልጋውና ጎማዎቹ የሚጠበቅባቸውን ሠርተዋል፤ ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከስምንቱ ወር አምስቱን የበላብኝ የሞተሩ በዝቅተኛ ዙር መንተፋተፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሦስተኛው ወር ማብቂያ ላይ ነው። ጠዋት ቾኩ (የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ የሚሳበው ማንሻ) ተስቦ ሳለ ደህና ይሠራል፤ ሞቆ ቾኩን ከመለስኩና ጋዙን ከለቀቅኩ በኋላ ግን እኩል ይመታ የነበረው ድምፅ አንድ ምት ይዘላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታና ደግሞ ይዘላል፣ በመካከሉም ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የታፈነ ፍንዳታ ይሰማል። ባለአራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ፣ በደቂቃ 1,400 ዙር በሚሆን ሚኒሞ (ጋዝ ሳይነካ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ የሚተኩሰው 700 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ፒስተኑ አንድ በመሆኑም አንዱ ምት ሲጎድል የሚሸፍንለት ጓደኛ የለውም፣ ጉድለቱ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በመቀመጫው በኩል ይሰማል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ፣ ጭነት እንደበዛበት አህያ አንድ እርምጃ ሄዶ ያመነታል፣ ከዚያም በድንገት ይነጥቃል። ጋዙን ከሩብ በላይ ስከፍተው ደግሞ ያ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ጥርት ባለ ድምፅ ጭነቱን ይዞ ይወጣል።

ሻጩ ዘንድ ስሄድ ያገኘሁት መልስ «ጋዝ ጨምርለት፣ ራሱ ይተወዋል» የሚል ነበር። ከዚህ ሰው ጋር በልቤ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ወንድሜ፣ ባለሁለት እግር ሞተር መታጠፊያ ላይ ይጋደማል፤ ይህኛው አይጋደምም፣ ፍጥነቱን እንደያዘ ከታጠፈ በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል፣ ጭነቱ ከፍ ያለ ከሆነም ይገለበጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ፊት ጋዙን የመመለስ ግዴታ አለብኝ። ጭኜ የምነሳው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ የኋላ ማርሽ አስገብቼ በጠባብ ቦታ የምዞረው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ ከእግረኛ ኋላ በእግረኛ ፍጥነት የምጓዘውም እንዲሁ ነው። በበራሪ ወረቀትህ ላይ በትልቁ ያተምከው የፈረስ ጉልበት የሚገኘው በ7,500 ዙር መሆኑን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ራስህ ጽፈኸዋል፤ እኔ የሥራ ቀኔን የማሳልፈው ግን ከ1,400 እስከ 3,500 ባለው ክልል ውስጥ ነው። ጤነኛ የሆነልኝ እኔ በማልደርስበት ፎቅ ላይ ከሆነ፣ የሸጥክልኝ ሞተር የሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ ካቻቢቴውን አውጥቶ የሚኒሞውን ብሎን አጠበቀና ዙሩን ከፍ አደረገው። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ተገላገልኩ ብዬ አምኜ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የተደበቀው ሕመም በሌላ በኩል ወጣ። አንደኛ ማርሽ ሲገባ የሚያስደነግጥ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ብመልስም ሞተሩ ስለማይዝልኝ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደቀ፤ ቆሜ በምጠብቅበት ጊዜም ነፋስ የማያገኘው ሞተር ከልክ በላይ ይግል ነበር። ከፍ ያለ ሚኒሞ ለዚህ በሽታ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን በዚህ ዋጋ ተማርኩ።

ሁለተኛው መካኒክ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ አየውና «እንዲህ ንጹሕ ከሆነ ሞተርህ ጤነኛ ነው» አለኝ። ካንዴላው በእርግጥ ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም ወደ ነጭነት ያደላ ነበር፣ እኔም በጊዜው ከእሱ ጋር ደስ አለኝ። በደንብ የሚቃጠል ሞተር ካንዴላ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሊሆን እንደሚገባው፣ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን፣ ንጣት ደግሞ የአየር መብዛትን እንደሚናገር ቆይቼ ስረዳ፣ ምስክሩን በእጃችን ይዘን በነጻ እንደለቀቅነው ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የካርቡሬተር ዘመን ነው። ጋዙ ከተዘጋበት እስከ ሩብ ገደማ እስኪከፈት ድረስ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በአብዛኛው የሚያልፈው በካርቡሬተሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ያላት የናስ መርጫ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ መርፌው፣ ጋዙ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ደግሞ ዋናው መርጫ ሥራውን ይረከባል። ታች ላይ ብቻ የሚታይ ሕመም ሲያጋጥም ትንሿን መርጫ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ በቆየ ቤንዚን ዝቃጭ በቀላሉ ትደፈናለች። መካኒኩ በቀጭን ሽቦ ሊወጋት ሲል እጁን ያዝኩት፤ ናስ ለስላሳ በመሆኑ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የሰፋን ቀዳዳ የሚመልስ ደግሞ የለም። በማጽጃ ታጠበች፣ በአየር ተነፋች፣ ተመልሳ ገባች፤ ሞተሩም መንተፋተፉን ቀጠለ። ሁለተኛ ጊዜ ታጠበች። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ተለካ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ካርቡሬተሩ በሙሉ በአዲስ ተቀየረ፤ አዲሱ ካርቡሬተርም የአሮጌውን ያህል ተንተፋተፈ። በዚያ ሳምንት ይህን ጽሑፍ ብጽፈው ኖሮ «አትግዙ» ከሚል አንድ ቃል በላይ አይኖረውም ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የሞቀውን ሞተር አስነስቼ ስጠብቅ፣ ከመሰላቸት የተነሳ ቾኩን እስከ ግማሽ ሳብኩት፤ መንተፋተፉም ወዲያው ቆሞ ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና እኩል መምታት ጀመረ። መለስኩት፣ ተንተፋተፈ፤ ሳብኩት፣ ተስተካከለ። ቾክ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን እንዲበዛ የሚያደርግ ነገር ነው፤ የሞቀ ሞተር በቾክ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ ከሌላ ቦታ ማንም ያላዘዘው አየር እየገባበት ነው ማለት ነው። የጠዋቱ ጤንነት፣ የካንዴላው ንጣትና ከማርሚታው የሚሰማው ፍንዳታ በአንድ ጊዜ ተገጣጠሙልኝ፤ ሳይቃጠል የሚያልፈው ቤንዚን ነበር ማርሚታው ውስጥ ሲፈነዳ የኖረው።

የሳሙና ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይዤ፣ ሞተሩ እየሠራ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው አጭር የጎማ ቱቦ ዙሪያ ትንሽ በትንሽ ረጨሁ። ከላይ ምንም የለም፤ ከጎኑም የለም። ከሥር በኩል ስረጭ ግን አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበና የሞተሩ ድምፅ ለአንድ አፍታ ተለወጠ። ቱቦውን ያሰረውን ቀለበት፣ ፋሸታውን፣ አላልቼ ቱቦውን አወጣሁት። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምንም የሌለበት አዲስ ዕቃ ይመስላል፤ ጣቴን ባስኬድበትም የሚያደናቅፍ ነገር አላገኘሁም። በሁለት አውራ ጣቶቼ ወደ ኋላ ሳጥፈው ግን የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፈተ፤ ስለቀው ተመልሶ ተከደነ። ሦስት ጥንድ ዓይን ያየው ዕቃ ነው፤ የታየው ግን ሁልጊዜ አፉን እንደዘጋ ነበር።

ስንጥቁ በዝቅተኛ ዙር ብቻ የሚያሰቃየኝ ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። ጋዙ ሲዘጋ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው የመሳብ ኃይል እጅግ ከፍ ስለሚል፣ በስንጥቁ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ጋዙ ሲከፈት ግን ያው አየር በብዙ አየር መካከል ስለሚዋጥ ሞተሩ አይቆጥረውም። ስንጥቁን የፈጠረው ደግሞ አገጣጠሙ ይመስለኛል፦ የአየር ፊልትሮው ሣጥን በሻሲው ላይ በብሎን ታስሯል፣ ሞተሩ በጎማ ትራሶች ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል፣ ካርቡሬተሩም በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይጎተታል፤ የዚህ ሁሉ ጉተታ ዕዳ የወደቀው በዚያ አጭር ቱቦ ላይ ነው። አዲሱን ቱቦ ስገጥም የሣጥኑን ብሎኖች አላልቼ፣ ካርቡሬተሩ በራሱ ክብደት ቦታውን ከያዘ በኋላ መልሼ አጠበቅኋቸው። ሚኒሞውንም ወደ 1,400 መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ጭኜ ስነሳ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ጋዝ ሳልነካ እንኳ በራሱ ይሳባል።

አሁን ብትጠይቁኝ መልሼ እገዛዋለሁ እላለሁ፤ ይህን ስል ግን ደስታው ገና ትኩስ መሆኑን አትርሱብኝ። ያልበረደው ንዴቴ ሌላ ቦታ ነው። ስንጥቁን ይዤ ሻጩ ዘንድ ስሄድ «ዋስትናው ለሞተሩ ነው፣ ጎማ አላቂ ዕቃ ነው» ተባልኩ። ባለ9,000 ኪሎ ሜትር የመንገድ ጎማ አላቂ ቢባል እስማማለሁ፤ መንገድ ነክቶ የማያውቅ ቱቦ በሦስት ወር የሚያልቀው ግን ማን ፍቆት ነው? ሁለት ቱቦ ገዝቼ ወጣሁ፣ አንዱ ተገጥሟል፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ከመፍቻዎቹ ጋር ተቀምጧል። አሮጌውንም አልጣልኩትም፤ ባለሦስት እግር ሊገዛ የሚያስብ ወዳጅ ቤቴ ሲመጣ አውጥቼ በሁለት አውራ ጣቶቼ አጥፌ አሳየዋለሁ።