ጋፒ፣ ፕላቲ፣ ሞሊ ወይስ ሶርድቴል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቤት የትኛው ይሻላል?

ጋፒ፣ ፕላቲ፣ ሞሊና ሶርድቴል በቤት ገንዳ ለጌጥ የሚያዙ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ አይጥሉም፤ እንቁላሉ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ያድግና ጫጩቶቹ መዋኘት ችለው ይወለዳሉ። ሴቷ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት ያገኘችውን የወንድ ዘር በሰውነቷ አቆይታ ለወራት ደጋግማ መውለድ ስለምትችል፣ ከወንዶች ጋር በአንድ ገንዳ የቆየች ሴት የገዛ ሰው በሚቀጥለው ወር የሚወለዱትንም አብሮ ገዝቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገዢው ቀለም ከመምረጡ በፊት ሁለት ነገር ቢያመዛዝን እመክራለሁ፤ የዓሣዋን እርግዝና በዓይኑ ለይቶ ማወቅ ይችል እንደሆነ፣ ጫጩቶቹም በሚኖርበት ከተማ አየርና ውኃ ያድጉ እንደሆነ። ጫጩት ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ወንድ ብቻ ይግዛ፤ የወንዱ ከሆድ ሥር ያለው የኋላ ክንፍ እንደ ስንጥር ቀጭን ሲሆን የሴቷ ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው።

እርግዝናዋን ለመለየት ከሁሉም የምትቀለው ጋፒ ናት። በሆዷ የኋላ ጫፍ፣ ከታችኛው ክንፍ ከፍ ብሎ፣ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡ ከእርግዝናው ጋር እየሰፋና እየጠቆረ ይሄድና ከወለደች በኋላ ይደበዝዛል። እርግዝናው ከ21 እስከ 30 ቀን ገደማ የሚቆይ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሆዷ ክብነቱ ይቀርና ከፊት በኩል እንደ ሣጥን ማዕዘን ያወጣል። ቀለሟ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ከሆነ፣ ምሽት ላይ የስልክ መብራት ከጎን ሲበራባት የጫጩቶቹ ዓይኖች የጤፍ ፍሬ እንደሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች በቆዳዋ ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። እኔ ይህን ባየሁ ማግስት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር 19 ጫጩቶች ቆጥሬያለሁ።

ፕላቲ ቀይ ወይም ቢጫ ከሆነች ነጥቡ በመጠኑ ይታያል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ካላት ግን ከላይ ሆኖ የጎኗን መስፋት ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለም። ጥቁር ሞሊ ላይ ነጥብ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የሞሊ እርግዝና ከ4 ሳምንት እስከ 2 ወር ሊዘልቅ ስለሚችል ቀን ቆጥሮ መጠበቅም ያሳስታል። ሶርድቴል በ4 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ሰውነቷ ረዘም ያለ ስለሆነ ግን ሆዷ እንደ ጋፒ ቶሎ አያስታውቅም።

ያበጠ ሆድ ሁሉ እርግዝና አለመሆኑን የተማርኩት በኪሣራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሻጭ ዘንድ ሆዷ የተነፋ ፕላቲ አይቼ ልትወልድ ደርሳለች ብዬ ተደስቼ ገዛኋት፤ ቤት ወስጄ ከላይ ስመለከታት ቅርፊቷ ተንጨፍርሮ ቆሟል፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ነፍሰ ጡር ዓሣ ቅርፊቷ ለስላሳና የተኛ ነው፣ ትበላለች፣ ትዋኛለችም። መውለጃዋ ሲደርስ ደግሞ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ትይዛለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ትንፋሿም ይፈጥናል። በድሬዳዋ የመጨረሻው ምልክት በጥንቃቄ ይታይ፤ በገንዳው ያሉት ዓሦች ሁሉ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ችግሩ ምጥ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ነው።

የሁለቱ ከተሞች ልዩነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በትንሽ ገንዳ ያለ ውኃም በቀላሉ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ የሚስማማቸው ፕላቲና ሶርድቴል ይቸገራሉ፤ እስከ 28 ዲግሪ ተመችቷቸው የሚኖሩት ጋፒና ሞሊ ግን የተሻለ ይቋቋማሉ። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑም ስለሚቆም፣ ድሬዳዋ ላይ ዓሣ ማብዛት ከሐረር ይልቅ አደገኛ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ችግሯ ተቃራኒ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ያለች ሞሊ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ሰውነቷን ማወዛወዝ ትጀምራለች፤ ይህም የመታመሟ ምልክት ነው። ፕላቲ ያንን ቅዝቃዜ ከሌሎቹ በተሻለ ትችላለች።

ስለ ውኃው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የድሬዳዋ ማንቆርቆሪያ ሥሩ በነጭ ቅርፊት የሚሸፈነው ውኃው ማዕድን ስለበዛበት ነው፤ ለሻይ የማይመረጠው ይህ ውኃ ለአራቱም ዓሦች፣ በተለይም ለሞሊ፣ የሚስማማ ነው። በአንጻሩ ሐረር ውስጥ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ የሚጠቀም ሰው ሞሊ ባይገዛ ይሻለዋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቀመጥ።

ጫጩት ለማሳደግ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ገንዳው ውስጥ የምትንጠለጠለውን ትንሽ የፕላስቲክ መውለጃ ሣጥን ይመርጣሉ። እኔ አልመርጣትም። ነፍሰ ጡር ጋፒ በግንቦት ወር ለአራት ቀን በሣጥኗ ውስጥ አቆይቼ፣ ውኃው እንደ ልብ ስላልተዘዋወረ ሳትወልድ ሞታብኛለች። ከዚያ ይልቅ 20 ሊትር ያህል የሚይዝ ሁለተኛ ገንዳና በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ማዘጋጀት ይበልጣል፤ ሌላው ማጣሪያ ጫጩቶቹን ስቦ ይውጣቸዋል። እናቲቱ በዋናው ገንዳ፣ ጥቅጥቅ ባለ የውኃ ተክል መካከል ትውለድ፤ ጫጩቶቹ ከተክሉ ሥር በሻይ ማንኪያ እየተቀዱ ወደ ሁለተኛው ይዛወሩ። ይህ በቶሎ ካልተደረገ እናቲቱ ራሷ ትበላቸዋለች።

በቁጥር ረገድ ጋፒ በአንድ ወሊድ ከ20 እስከ 50፣ ፕላቲ ከ20 እስከ 40 ጫጩቶች የመውለድ ልማድ ሲኖራቸው፣ የመጀመሪያ ወሊድ ከዚህ ያንሳል። ትልልቅ የሞሊና የሶርድቴል ሴቶች ከዚህም ሊበልጡ ይችላሉ። የሞሊ ጫጩት ሲወለድ ከጋፒው ስለሚተልቅ ደርቆ የተፈጨ ምግብ ወዲያው ይበላል። ለጋፒ ጫጩት ምግቡ በጣት መካከል እንደ በርበሬ ይደቅ፤ ከጠፋም የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በውኃ በጥብጦ ጠብታ መስጠት ይቻላል፤ የተረፈው ግን በድሬዳዋ ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ ከሥር ይመጠጥ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት አንድ ጊዜ ከማጥገብ ይሻላል። ወንዶቹ በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ክንፋቸው መቅጠን ሲጀምር ይለዩ፤ ካልሆነ እኅቶቻቸው ገና ሳያድጉ ያረግዛሉ። የተረፉትን ለጎረቤት መስጠት እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ከቶ አይገባም፤ ጋፒና ሶርድቴል በተለቀቁባቸው ብዙ አገሮች የነባር ዓሦችን ቦታ ወስደዋል።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። ድሬዳዋ ላይ ለሚጀምር ሰው ነጣ ያለ ጋፒ፣ አንድ ወንድ ከሦስት ሴቶች ጋር፣ በ40 ሊትር ገንዳ። 80 ሊትርና ከዚያ በላይ ላለው ሰው ሞሊ፣ ጥቁሯ ሳትሆን ፈዘዝ ያለ ቀለም ያላት። ሐረር ላይ ያለ ማሞቂያ ለሚያኖር ፕላቲ። ሶርድቴል ግን 100 ሊትር ገደማና ጥብቅ ክዳን ለሌለው ሰው አይሆንም፤ ከገንዳ ዘሎ የመውጣት ልማድ አለው፣ ወንዶቹም እርስ በርስ ይጣላሉ።

ድሬዳዋ ገዝቶ ሐረር የሚወስድ ሰው ሻጩ ፌስታሉን በአየር ወጥሮ እንዳይሞላው ይንገረው፤ በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ሲወጣ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ፌስታሉ ይበልጥ ይነፋል። ለቅዝቃዜው በጋዜጣ ይጠቅልለው። ቤት ሲደርስም ፌስታሉ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፍ። ነፍሰ ጡር ዓሣ ከጉዞ ድንጋጤ የተነሣ በመንገድ ላይ ልትወልድ ስለምትችል፣ ፌስታሉን ከመጣሉ በፊት ወደ ብርሃን አንሥቶ ማዕዘኖቹን ይመልከት፤ እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ጫጩቶች ከእጥፋቱ ውስጥ አግኝቻለሁ።